ቦርደር ራውተር ምንድን ነው?

አንዲት ትንሽ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር አስቡ። ጉልበቷ ሳንቲም በምታክል ክብ ባትሪ ላይ ያለ ነው። ባትሪው በወር በወሩ እንዲቀየር ደግሞ ማንም አይፈልግም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዋን ተኝታ ታሳልፋለች። ትነቃለች፣ ትለካለች፣ ቁጥሩን በራዲዮ ትልካለች፣ መልሳ ትተኛለች። ዋይፋይ ለእሷ አይሆንም፤ ባትሪ ይበላል። የምትጠቀመው አይትሪፕልኢ 802.15.4 የሚባለውን ራዲዮ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ2003 ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ነው። ሩቅ አይደርስም። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዙት ጎረቤቶቿ ግን መልእክቷን እየተቀባበሉ ያደርሱላታል። ሜሽ ኔትወርክ የሚባለው ይሄ መቀባበል ነው።

ላፕቶፓችሁ ያቺን ሴንሰር ማናገር ቢፈልግስ? ያ ራዲዮ የለውም። እሷም ዋይፋይ አትሰማም። አንድ እግሩን እዚህ፣ አንድ እግሩን እዚያ ያደረገ መሣሪያ መሃል ላይ መቆም አለበት። ቦርደር ራውተር እሱ ነው። በአንድ በኩል የ802.15.4 ራዲዮ፣ በሌላ በኩል ዋይፋይ ወይም የኢተርኔት ገመድ አለው።

ብዙ ሰው ከጌትዌይ ጋር ያምታታዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጌትዌይ አስተርጓሚ ነው። ሴንሰሯ ያለችውን ይሰማል፣ ይረዳል፣ በሌላ ቋንቋ ደግሞ ይናገራል። ነገ አዲስ ዓይነት ሴንሰር ብታመጡ መጀመሪያ እሱን ማስተማር አለባችሁ። ቦርደር ራውተር ግን መልእክቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያገባውም። የሚያየው የአይፒ አድራሻውን ነው። ሴንሰሯና ሰርቨሩ በመካከላቸው የመሰጠሩት ነገር ሳይፈታ እንደተመሰጠረ ያልፋል። እኔ ይህን አሠራር የምወደው ለዚህ ነው፤ አምፖል ይሁን የበር ቁልፍ፣ ለእሱ ሁሉም ፓኬት ነው፣ ማለትም አድራሻ የተጻፈበት የመረጃ ጥቅል።

እንግዲህ ሥራው ማሳለፍ ብቻ ከሆነ ምን ይከብዳል? መጠኑ ይከብዳል።

የ802.15.4 አንድ ፍሬም፣ ማለትም ራዲዮው በአንዴ የሚልከው ጥቅል፣ ቢበዛ 127 ባይት ነው። አይፒ ቨርዥን 6 ደግሞ ማንኛውም መስመር ቢያንስ 1280 ባይት ያለው ፓኬት ማሳለፍ አለበት ይላል። እስቲ እናስላው። ከ127ቱ ላይ የራዲዮው የራሱ ሄደር፣ አድራሻና መሰል ነገር የሚጻፍበት የጥቅሉ መግቢያ፣ እስከ 25 ባይት ይወስዳል። ምስጠራው እስከ 21 ይጨምራል። 81 ቀረ። የአይፒ 6 ሄደር ብቻውን 40 ባይት ነው፤ መልእክቱን የሚያጓጉዘው የዩዲፒ ሄደር ደግሞ 8። የተረፈን 33 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ 3 ባይት ይይዛል። «እንደምን አደራችሁ» ብላችሁ ብትልኩ ክፍተቱን ጨምሮ 31 ባይት ሄደ። ሰላምታ አቀረባችሁ፣ ቦታው አለቀ።

መፍትሔው ሲክስሎውፓን ይባላል። በ2007 አርኤፍሲ 4944 በተባለ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ወጣ፤ የሄደር ማመቂያው በ2011 በአርኤፍሲ 6282 ተሻሻለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለቱም ወገን የሚያውቁትን ነገር ለምን ደጋግመን እንልካለን? የላኪው የአይፒ አድራሻ ከራዲዮ አድራሻው የሚገኝ ከሆነ መጻፉ ትርፍ ነው። የቨርዥን ቁጥሩም ሁልጊዜ 6 ነው፤ ይቅር። እንዲህ እየተባለ 40 ባይቱ በሁለት ጎረቤቶች መካከል እስከ 2 ባይት ይወርዳል። ብዙ እጅ ተቀባብሎት ለሚያልፍ ፓኬት እንኳ እስከ 7 ባይት ሊወርድ ይችላል። ፓኬቱ ታምቆም ካልገባ ይቆራረጣል። ከቁራጮቹ አንዱ ቢጠፋ ግን ሙሉው ፓኬት ጠፋ ማለት ነው። በዚህ ኔትወርክ ላይ አጭር መናገር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቦርደር ራውተሩ እንግዲህ ከሜሹ የመጣውን ቁራጭ ሁሉ ሰብስቦ ይገጣጥማል፣ የታመቀውን ሄደር ይዘረጋል፣ ሙሉ የአይፒ 6 ፓኬት አድርጎ ወደ ዋይፋዩ ይለቃል። ከዚያ ወደዚህ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው።

ለመሥራት ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ሊኑክስ የሚሮጥበት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ፣ እና በዩኤስቢ የሚሰካ የ802.15.4 ራዲዮ ይበቃል። ሶፍትዌሩን ከባዶ መጻፍ የለባችሁም። ለትንንሽ መሣሪያዎች የተሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮንቲኪ ኤንጂ የራሱ የቦርደር ራውተር ምሳሌ አለው። በ2016 በነፃ የተለቀቀው ኦፕንስሬድም የራሱ አለው፤ እሱ ስሬድ የሚባለው የሜሽ ኔትወርክ ዘዴ ሶፍትዌር ነው። በኦፕንስሬዱ ላይ ስቲኩ፣ ማለትም በዩኤስቢ የሰካችሁት፣ ራዲዮ ብቻ ይሆናል፤ ማሰቡን ሊኑክሱ ይሠራዋል። ይሄ ጥሩ ነው፤ ሶፍትዌር ስታድሱ ስቲኩን ብዙ ጊዜ መንካት አያስፈልጋችሁም።

ስቲኩን ግን ከዩኤስቢ 3 መሰኪያ አርቁት። ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ያወጣል። አጭር ማራዘሚያ ገመድ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ቻነልም ምረጡ። ከ11 እስከ 26 ካሉት የ802.15.4 16 ቻነሎች 25 እና 26 ከተለመዱት የዋይፋይ ቻነሎች 1፣ 6 እና 11 በላይ ናቸው፤ ስለዚህ ከዋይፋዩ ጋር ብዙ አይጋጩም።

ሰው የሚሰቃየው ግን ራውቱ ላይ ነው፣ ማለትም ፓኬት በየት በኩል እንደሚሄድ የሚናገረው መመሪያ ላይ። የመጀመሪያዬን ስሠራ ማታ ሁሉም ነገር ሠርቶልኝ ነበር። ወደ ሴንሰሮቹ የሚያደርሰውን ራውት ላፕቶፑ ላይ በእጄ ጻፍኩ፣ ፒንግ አደረግኩ፣ ማለትም «አለሽ?» የሚል ትንሽ ፓኬት ላክሁ፣ መልስ መጣ። ጠዋት ፓዩን አጥፍቼ አበራሁት። ዝም። ፓዩ ላይ ገብቼ ከዚያው ፒንግ ሳደርግ ሴንሰሯ ትመልሳለች። ከላፕቶፑ ስሆን የለችም። ራዲዮውን ጠረጠርኩ፣ ባትሪውን ቀየርኩ፣ ስቲኩን ነቅዬ ሰካሁ። በመጨረሻ ፓዩ ላይ ፓኬት ሲያልፍ የሚያሳየውን ፕሮግራም ቲሲፒደምፕን ከፍቼ በሁለቱም በኩል የሚያልፈውን ማየት ጀመርኩ። ጥያቄው በዋይፋዩ ገባ። ወደ ሜሹ ወጣ። መልሱ ከሜሹ ተመለሰ። ዋይፋዩ ላይ ግን አልታየም። መልሱ ፓዩ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሊኑክስ ፓኬት እንዲያሳልፍ ፎርዋርዲንግ ሲበራለት ራሱን እንደ ራውተር ይቆጥራል። ራውተር የሆነ ደግሞ የሌላ ራውተር ማስታወቂያ አይቀበልም። ያ ማስታወቂያ ግን የቤቱ ዋይፋይ አድራሻና ራውት የሚመጣበት ነው። ስለዚህ ፓዩ ሲነሳ ላፕቶፑ ያለበትን ኔትወርክ ጭራሽ አያውቀውም ነበር። መልሱን ይዞ የት ይሂድ? መድኃኒቱ ማስታወቂያ መቀበልን የሚቆጣጠረውን የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ቁጥር ከ1 ወደ 2 መቀየር ነው። 2 ማለት «ራውተር ብሆንም እቀበላለሁ» ማለት ነው። አንድ ቁጥር ናት፤ ግማሽ ቀኔን ወስዳለች። ከዚያ ወዲህ ሰው «ቦርደር ራውተሬ አልሠራም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «መልሱ በየት በኩል ይመለሳል?» ብዬ ነው።

ራውት በእጅ መጻፍም ለሙከራ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። በደንብ የተሠራ ቦርደር ራውተር ራሱ ያስታውቃል፦ «ወደነዚህ አድራሻዎች የምትሄዱ በእኔ በኩል ኑ።» ኦፕንስሬድ ይህን በራሱ ያደርጋል። ላፕቶፑ ግን ማስታወቂያውን የሚሰማ መሆን አለበት። ሊኑክስ ከሆነ ይህም ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለሚመጣ መክፈት ያስፈልጋል።

የማያሳልፈውም ነገር የሚያሳልፈውን ያህል ዋጋ አለው። ዋይፋይ ላይ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ፕሪንተሩም ቀኑን ሙሉ «ማን አለ? እኔ አለሁ» ይባባላሉ። ያ ጫጫታ በሰከንድ 250 ኪሎቢት በሆነች መስመር ላይ ቢለቀቅ ሜሹ ይታፈናል፣ ባትሪም ያልቃል። ስለዚህ በስሬድ ኔትወርክ ሴንሰሯ ስሟን ቦርደር ራውተሩ ዘንድ ታስመዘግባለች። ዋይፋይ ላይ ማን አለ ሲባል እሱ ስለ እሷ ይመልሳል። እሷ ትተኛለች። ቀጥታ ፒንግ ስታደርጓት ብትዘገይም አትደንግጡ። ፓኬቷን ወላጅ የሚባለው ጎረቤቷ ይዞላት ይቆያል፤ ስትነቃ ጠይቃው ትወስዳለች።

ቦርደር ራውተሩ ራሱ ቢሞትስ? በሪፕል ላይ፣ ማለትም በ2012 በአርኤፍሲ 6550 በወጣው የራውቲንግ ዘዴ፣ ሜሹ እንደ ዛፍ ነው የሚደራጀው። ሥሩም አብዛኛውን ጊዜ ቦርደር ራውተሩ ነው። ሥሩ ሲነቀል ዛፉ ይናጋል። ስሬድ ላይ ግን ሜሹ እርስ በርሱ መነጋገሩን ይቀጥላል፣ የሚቋረጠው ከውጭ ጋር ነው። ደግሞም በአንድ ኔትወርክ ላይ ከአንድ በላይ ቦርደር ራውተር ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለት ካላችሁ ከላፕቶፑ ፒንግ አስጀምሩና የአንዱን ሶኬት ንቀሉ። ስክሪኑ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ መልሱ በሌላኛው በኩል መምጣት ይጀምራል።