የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ ትምህርት፦ ገንዘቡ የማን ነበር?

ሆንግ ኮንግ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች ስለተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ አንድ ወሬ አይጠፋም። «ቻይናውያኑን የገዛ ቋንቋቸውን ያስተማራቸው የእንግሊዝ መንግሥት ነው» ይባላል። ይህን ስሰማ ያመኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ቻይንኛ የተጀመረው በ1927 ነው»

1927 የቻይንኛ ትምህርት ክፍል ራሱን ችሎ የቆመበት ዓመት ነው። ማስተማሩ ግን ከ1913 ጀምሮ ነበር። መምህራኑ ላይ-ጂሺ እና ኦው ዳዲያን ይባላሉ። ሁለቱም የቻይና ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ለሹመት የሚሰጠውን ከባድ ፈተና ያለፉ ሊቃውንት ናቸው።

«የተማሩት መንገድ ላይ የሚነገረውን ቻይንኛ ነው»

አይደለም። የጥንቱን የመጻሕፍት ቋንቋ ነው። እኛ ዘንድ ግዕዝ እየተነበበ በአማርኛ እንደሚተረጎመው ማለት ነው፤ መምህሩ ያነባል፣ ከዚያ ያብራራል። ይህ አካሄድ የተለወጠው ሹ ዲሻን በ1935 ክፍሉን ሲረከብ ነው። ትምህርቱን ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ፍልስፍና ብሎ ከፈለው።

«መንግሥት ለቋንቋው አስቦ ገንዘቡን አፈሰሰ»

በሰኔ 1925 እንግሊዝን በመቃወም፣ በደቡብ ቻይናዋ ከተማ በካንተንና በሆንግ ኮንግ ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ቻይናውያን ሆንግ ኮንግን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ገዥ ሆኖ የመጣው ሴሲል ክሌመንቲ ነው። ካንቶንኛ (የአካባቢውን ቻይንኛ) አሳምሮ ይናገራል፤ የካንተንን የፍቅር ዘፈኖች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል። ቋንቋውን መውደዱን አልክድም። ግን ወጣቱ የጥንቱን ቻይናዊ ፈላስፋ የኮንፊሽየስን ትምህርት ከያዘ ከአብዮተኞቹ ይርቃል የሚል ሐሳብም ነበረበት።

ደግሞስ መደገፍና መክፈል አንድ ነው? ላይ-ጂሺ ከዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ጋር እስከ ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ አካባቢ) ድረስ ሄደው፣ እዚያ ከሚኖሩ ቻይናውያን ነጋዴዎች ገንዘብ አሰባስበዋል። በ1931 የተከፈተው የትምህርት ክፍሉ ሕንፃ የነጋዴው የታንግ ቺ-ንጎንግ ስጦታ ነው። ለቻይንኛ ቤተ መጻሕፍቱ 100,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር የሰጠው ፉንግ ፒንግ-ሻን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በ1932 ሲመረቅ እሱ አልነበረም፤ ከዓመት በፊት ሞቷል።

«ቢያንስ 265,000 ፓውንዱ የእንግሊዝ ችሮታ ነው»

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይህን ያህል ገንዘብ ከለንደን በኩል አግኝቷል። ግን ከየት የመጣ ገንዘብ ነው? ቦክሰሮች የተባሉ ቻይናውያን በውጭ አገር ሰዎች ላይ ካነሱት ዓመፅ በኋላ፣ በ1901፣ ቻይና ለእንግሊዝና ለሌሎች የውጭ መንግሥታት 450 ሚሊዮን ታየል (የቻይና የብር መመዘኛ) ብር ካሳ እንድትከፍል ተፈረደባት። ያኔ የሕዝቧ ብዛት የሚገመተውም በዚያው ቁጥር ነበር፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ታየል ማለት ነው። እንግሊዝ ድርሻዋን ለዓመታት ስትሰበስብ ቆይታ በ1922 «ለሁለታችንም ለሚጠቅም ሥራ ይዋል» አለች። ከዚያ ላይ የተቆረሰው ነው ስጦታ የተባለው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ ማለት ይህ ነው።

ካሳው ይከፈል የነበረው ከጉምሩክና ከጨው ግብር ነው። ለወጧ ጨው የገዛች ቻይናዊት እናት ሁሉ ከዚያ 265,000 ፓውንድ ላይ ድርሻ ነበራት።