ገመድ አልባ የብስክሌት ኮምፒውተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ኮምፒውተር በመሠረቱ ፍጥነት አይለካም፤ ይቆጥራል። በጎማው ሽቦ ላይ ያለው ማግኔት በሹካው ላይ በታሰረው ሴንሰር ፊት ባለፈ ቁጥር አንድ ምልክት ይደርሰዋል። እሱም ምልክቱን እርስዎ ባስገቡለት የጎማ ዙሪያ ልኬት እያባዛ ርቀቱንና ፍጥነቱን ያሰላል። የገባው ልኬት ከተሳሳተ ወይም ምልክቱ መንገድ ላይ ከቀረ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያዋጣም።

«ጎማዬ 700 ነው፤ ስለዚህ 700 አስገባለሁ»

700 የጎማ ዓይነት መጠሪያ እንጂ ልኬት አይደለም። ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር 622 ሚሊሜትር ነው። የጎማው ጎን ላይ 28-622 የሚል ጽሑፍ ካለ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን ያመለክታል። ከላይም ከታችም 28 ሲጨመርበት 678 ይሆናል፤ በ3.14 ሲባዛ ደግሞ ዙሪያው ወደ 2130 ሚሊሜትር ይጠጋል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጡ ሰንጠረዦችም ለዚህ ጎማ ከዚያ ብዙ የማይርቅ ቁጥር ይሰጣሉ።

ሰንጠረዡ ለመጀመር ጥሩ ነው፤ መሬት ላይ ራስዎ የለኩት ግን ይበልጣል። ጎማውን እንደወትሮው ነፋስ ይሙሉት። የነፋስ መሙያውን አፍ ልክ ወደ መሬት አዙረው ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው እየደገፈዎት፣ ጎማው ሦስት ዙር እስኪሞላ ቀጥ ብለው ይሂዱና ርቀቱን ለሦስት ያካፍሉ። መቀመጡ ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ክብደት ጎማውን ስለሚጫነው ዙሪያው በጥቂቱ ያንሳል።

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም ይጠራቀማል። ዙሪያው 2155 የሆነ ጎማ ላይ 2096 ቢገባ፣ 100 ኪሎሜትር የነዳ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው 97 ከምናምን ነው። ሌላው ወጥመድ መሣሪያው የሚጠይቀው የልኬት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሚሊሜትር፣ አንዳንዱ ሴንቲሜትር፣ አንዳንዱ ዲያሜትር ይፈልጋል። ኪሎሜትርና ማይል የሚመረጥበትንም ቦታ አይዝለሉት፤ 32 ኪሎሜትር በሰዓት እየነዱ 20 የሚል ካዩ መሣሪያው ማይል ላይ ነው።

«ማግኔቱ ወደ ጎማው ጠርዝ ከተጠጋ ፍጥነቱ ይጨምራል»

አይጨምርም። ማግኔቱ ከመሃል ቢርቅም ቢቀርብም በአንድ ዙር የሚያልፈው አንድ ጊዜ ነው። ለውጥ የሚያመጣው በማግኔቱና በሴንሰሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይሁን፤ ብዙ መመሪያዎች 5 ገደማ ይላሉ። ማግኔቱ ሴንሰሩ ላይ በተሠመረው ምልክት ትይዩ ማለፍ አለበት። ለጥንቃቄ ብሎ ሁለተኛ ማግኔት የሚጨምር ሰው ፍጥነቱ ወዲያው እጥፍ ይሆንለታል፤ እግሩ ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

«ገመድ ስለሌለው ሴንሰሩን የትም ማሰር ይቻላል»

ርካሽና ቀላል የሆኑት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ብቻ ይሠራሉ። ሴንሰሩ የፊት ሹካ ላይ የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ የኋላ ጎማ ላይ ቢታሰር ምልክቱ መሪው ጋ አይደርስም። እነዚህ መሣሪያዎች በጣልቃ ገብ ምልክትም ይረበሻሉ። ቆመው ሳለ ስክሪኑ 40 ካሳየ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አጠገቡ የታሰረው መብራት ነው። አጥፍተው ይሞክሩ፤ ከተስተካከለ ሁለቱን ያራርቋቸው። በኮድ የሚልኩት ዲጂታል መሣሪያዎች የራሳቸውን ሴንሰር ብቻ ስለሚያዳምጡ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥማቸውም። እኔ በምርጫ ጊዜ ከስክሪን ቀለም ይልቅ ለዚህ ቅድሚያ እሰጣለሁ።

«ብሉቱዝ ካለው ከማንኛውም ሴንሰር ጋር ይግባባል»

በዚህ ዘርፍ ሁለት የመገናኛ መንገዶች አሉ፤ ብሉቱዝና አንት ፕላስ። ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ ቢሠሩም እርስ በርስ አይግባቡም። ሴንሰሩ በአንዱ፣ ኮምፒውተሩ በሌላው ብቻ የሚሠራ ከሆነ መቼም አይገናኙም፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን ያንብቡ። አሁን ብዙ ሴንሰሮች በሁለቱም ይልካሉ።

አንት ፕላስ ለብዙ ተቀባይ በአንድ ጊዜ ያሰራጫል። ብዙ የብሉቱዝ ሴንሰሮች ግን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ ነው። ስልክዎ ቀድሞ ከያዘው ኮምፒውተሩ ቢፈልገውም አያገኘውም፤ «ሴንሰሩ ተበላሸ» ከማለትዎ በፊት የስልኩን መተግበሪያ ይዝጉ። የመጀመሪያውን ማገናኘት ደግሞ ሌሎች ብስክሌተኞች በሌሉበት ያድርጉት፤ አለበለዚያ የጎረቤትዎን ሴንሰር ይዘው ሊነዱ ይችላሉ።

«ጂፒኤስ ካለ ሴንሰር አያስፈልግም»

ሰማዩ ክፍት በሆነበት ረጅም መንገድ ላይ ይህ ከእውነት ብዙም አይርቅም። ዋሻ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍና ረጃጅም ሕንፃ ሲመጣ ግን የሚታየው ፍጥነት ይዘልላል ወይም ይዘገያል። ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት ለሚለማመድ ሰው ጂፒኤስ ዜሮ ነው። ያለ ማግኔት የጎማው መሃል ላይ የሚታሰሩ ሴንሰሮችም አሉ፤ ከአንዳንድ ኮምፒውተሮች ጋር ሲጣመሩ የጎማውን ዙሪያ በጂፒኤስ ራሳቸው ያስተካክላሉ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት፣ ርቀትና ሰዓት ብቻ ለሚፈልግ ግን ተራው የማግኔት መሣሪያ ይበቃል፤ ካርታና የልብ ምት የማይከታተል ሰው ለእነሱ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ስክሪኑ በርቷል፤ ባትሪው ደህና ነው»

ሴንሰሩ የራሱ ባትሪ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው 3 ቮልት ክብ ባትሪ። ይህ ሲደክም ስክሪኑ እንደበራ ፍጥነቱ ብቻ ይቆራረጣል፤ በብርድ ደግሞ ይብሳል። የኮምፒውተሩ ባትሪ ሲወጣ በርካታ ቀላል መሣሪያዎች የጎማውን ልኬትና ጠቅላላ ርቀቱን ይረሳሉ። የባትሪውን ክዳን ከመክፈትዎ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

«ውኃ አይገባውም ተብሏል፤ በግፊት ውኃ ላጥበው»

አይፒኤክስ7 ማለት መሣሪያው 1 ሜትር ጥልቀት ባለው የቆመ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። በኃይል የሚረጭ ውኃ ሌላ ፈተና ነው። ብስክሌቱን ሲያጥቡ ከመሪው ላይ ይንቀሉት።