ስለ ገጠር ትምህርት ቤት በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ተቀምጠን ጣና ዙሪያ ስላሉት የደራ፣ የፎገራና የደንቢያ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ስናወራ ሁላችንም ባለሙያ ነን። ከምንለው ብዙው ግን ልክ አይደለም።

«ትምህርት ነጻ ነው፤ ወላጅ ምን ይከፍላል?»

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ነጻ አድርጎታል፤ እውነት ነው። የቀረው ክፍያው እንጂ ወጪው አይደለም። ተጨማሪ ክፍል ሲሠራ ባሕር ዛፉንም ድንጋዩንም ጉልበቱንም የሚያዋጣው ገበሬው ነው። ልጁ 9ኛ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሐሙሲትና ወረታ ያለ ከተማ ስለሆነ፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራዩና እሑድ ከሰዓት እንጀራ፣ ሽሮና ቆሎ ተሸክመው ይገባሉ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓርብ የሚበላው ቆሎው ብቻ ነው።

«ገበሬ ለትምህርት ግድ የለውም»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፎገራ ሩዝ ይታጨዳል፤ ክፍሉም ይሳሳል። የትምህርት ካላንደሩ ሲወጣ ሩዙን አልጠየቀውም፣ ሩዙም ካላንደሩን አይጠብቅም። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ መስከረም ላይ ትንንሾቹን መንገድ ማስወጣት ራሱ ያስፈራል። ያም ሆኖ ትምህርቱ በፈረቃ በሆነበት ቦታ አንዱን ልጅ ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት አስመዝግቦ ከብቱን በየተራ የሚያስጠብቅ ወላጅ ሞልቷል። ግድ የሌለው ሰው እንዲህ አይጨነቅም።

«ገንዘቡን ርዕሰ መምህሩ በላው»

የሚበላ የለም አልልም። ግን መጀመሪያ ምን ያህል እጁ እንደሚገባ እንይ። መምህር የሚቀጥረውም ደመወዝ የሚከፍለውም ወረዳው ነው፤ የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ለትምህርት ቤቱ የሚደርሰው የድጎማ በጀት የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጥቂት ተማሪ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን ከትልቁ ትምህርት ቤት ጣሪያ እኩል ቆርቆሮና ሚስማር ይፈልጋል። የጠረጠረ ወላጅ ሐሜቱን ትቶ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ይጠይቅ።

«የገጠር መምህር አልሠለጠነም»

የሠለጠነው እኮ የከተማው መምህር የተማረባቸው ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ያሉት ኮሌጆች ውስጥ ነው። ችግሩ መምህር ሲያንስ ለአማርኛ መምህሩ ሒሳብ ይደረብለታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝውውር ይጠይቃል፤ ማን ይፈርድበታል?

«የ12ኛ ክፍል ውጤት የገጠሩን ስንፍና አሳየ»

በ2014 በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የወደቀው ሁሉ ገጠሬ ነው እንዴ? ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ክፍሉ ተቆልፎበት የከረመን ልጅ ባሕር ዳር አስጠኚ ተቀጥሮለት ካጠናው ጋር በአንድ ፈተና እያወዳደሩ ሰነፍ ማለት ምን የሚሉት ነው?