ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ይህ አባባል የገበሬ ነው። በሬ ጠምዶ የዋለ ሰው እጁ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቃል። ማረሻው መሬት እንጂ ሰማይ አይነካም። ንጉሥንም እዚያው ከማይደረስበት ጋር አስቀመጠው። ትርጉሙም፦ ባለሥልጣን ቢበድልህ አቤት የምትልበት የለም፣ ቻለው ነው። ብዙ ሰው የንጉሥን ክብር ለመግለጽ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ውዳሴ አይመስለኝም። የተበደለ አባት ለልጁ የሚሰጠው ምክር ነው።

እንግሊዞችም «ንጉሥ አይሳሳትም» የሚል የሕግ አባባል አላቸው። በ1670 (በፈረንጆቹ) ግን እዚያው ለንደን ውስጥ ንጉሥ ከሶ ተረታ።

የዚያን ጊዜ ኩዌከሮች ቄስ የሌላቸው፣ በዝምታ ተቀምጠው የሚያመልኩ ክርስቲያኖች ነበሩ። የዘመኑ ሕግ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጭ፣ ከቤተሰቡ ሌላ አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ለአምልኮ እንዳይሰበሰብ ይከለክል ነበር። አንድ እሑድ ወታደሮች የግሬስቸርች መንገድ መሰብሰቢያቸውን ዘጉት። የ25 ዓመቱ ኩዌከር ዊልያም ፔን መንገድ ላይ ቆሞ ሰበከ። ከሌላው ኩዌከር ከዊልያም ሚድ ጋር ሁከት በማስነሳት ተከሰሰ። ክሱ የቀረበው በንጉሡ ስም ነበር።

ኩዌከሮች ያኔ ለሰው ባርኔጣ አያወልቁም ነበር። ሁለቱ ችሎት ሲገቡ ግን አንድ ሰው አውልቆላቸው ነበር። ዳኞቹ መልሰህ አድርግላቸው ብለው አዘዙ። ከዚያ «ለምን አላወለቃችሁም?» ብለው እያንዳንዳቸውን 40 ማርክ (የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ መለኪያ) ቀጧቸው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሥልጣን ጥፋት ሲያጣ ጥፋት ይሠራል።

ፔን የተከሰስኩበትን ሕግ አሳዩኝ አለ። ማንም አላሳየውም። ጎትተው ጥግ ወዳለው የእስረኛ ማቆያ ወሰዱት።

ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው እንዲፈርዱ ከሕዝብ የተውጣጡት 12 የጁሪ አባላት ፔን ጥፋቱ መንገድ ላይ መናገሩ ብቻ ነው አሉ። ዳኞቹ አልተቀበሉም። ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃና ያለ እሳት ሁለት ሌሊት ቆለፉባቸው። መሽኛ እንኳ ተከለከሉ። በመጨረሻ የተራበው አፋቸው «ጥፋተኛ አይደሉም» አለ።

የጁሪ አባላቱም በተራቸው በገንዘብ ተቀጡ። ኤድዋርድ ቡሼልና ጥቂት ጓደኞቹ ግን አንከፍልም ብለው እስር ቤት ገቡ። ጉዳዩን ያየው ከፍተኛው ዳኛ ጆን ቮን፣ ጁሪ በሰጠው ፍርድ ሊቀጣ አይችልም ብሎ ፈታቸው።