«ሙስካትና ኦማን» ምንድን ነው?

በ1960ዎቹ የወጣ የኦማን ቴምብር እጃችሁ ከገባ የአገሩን ስም አንብቡት። «ኦማን» ብቻ አይልም። «ሙስካትና ኦማን» ነው የሚለው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሙስካት የኦማን ዋና ከተማ ናት። «አዲስ አበባና ኢትዮጵያ» የሚባል አገር ቢኖር አይገርማችሁም? እዚያ ግን እስከ 1970 ድረስ መደበኛው የአገሩ ስም ይሄው ነበር።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። «ሙስካት» የሚባለው ወደቡና የባሕሩ ዳርቻ፣ የሱልጣኑ ግዛት ነው። «ኦማን» የሚባለው ደግሞ ከተራራው ወዲያ ያለው መሀል አገር ነው። መሀሉ ላይ ያለችው «ና» ብዙ ታሪክ ተሸክማለች።

አሮጌዋ ሙስካት ዙሪያዋን በጠቆረ ድንጋያማ ኮረብታ የታጠረች ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ናት። ለመርከብ ጥሩ መጠለያ ነች። ከጀርባዋ ግን የሐጀር ተራሮች አሉ፤ ከፍታቸው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከተራራው ማዶ ኒዝዋ የምትባል የቴምር አገር አለች። የዚያ ሰው ኢባዲ ነው፤ ይኸውም ከሱኒም ከሺዓም የተለየ የእስልምና ክፍል ነው። መሪው ኢማም ይባላል። በሥርዓቱ መሠረት ኢማምን የሃይማኖት ሊቃውንትና የጎሳ አለቆች መክረው ይመርጡታል እንጂ ልጅ ከአባቱ አይወርሰውም። በወደቡ ላይ ግን ከሕንድ፣ ከፋርስና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ነጋዴ ይተራመስ ነበር።

በ1507 ፖርቱጋሎች መጡ። እኛ ፖርቱጋልን የምናስታውሰው በ1541 ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር ለእርዳታ በመጡት 400 ወታደሮች ነው። ሙስካቶች የሚያስታውሱት ሌላ ነው። የፖርቱጋሉ አዛዥ የአልቡከርክ መርከቦች ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሏት። ከዚያም ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጡባት። ጀላሊና ሚራኒ የሚባሉት ሁለት ምሽጎች ዛሬም በወደቡ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

ፖርቱጋሎችን ያስወጣቸው ከመሀል አገር የመጣ ኃይል ነው። በ1650 ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ሙስካትን ያዘ። ያን ጊዜ ተራራውና ወደቡ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ይህ ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ነው፤ መለያየቱ ከጥንት የተጻፈ ዕጣ አልነበረም ማለት ነው።

የተለያዩት በኋላ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ገዢው የአል ሰዒድ ቤተሰብ መናገሻውን ከተራራው ሥር ካለችው ሩስታቅ ወደ ሙስካት አመጣ። የኢማምነቱን ማዕረግም እየተወው ሄደ። ዓይኑ ባሕር ላይ ሆነ። ከ1806 እስከ 1856 የገዛው ሰዒድ ቢን ሱልጣንማ ጭራሽ ኑሮውን ዛንዚባር አደረገ። ሀብቱ ከቅርንፉድ፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከባሪያ ንግድም ይመጣ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ገበያ ከተሸጡት መካከል ከኛ አገር የተወሰዱም ነበሩበት። ይህን ሳይጠቅሱ የሙስካትን ሀብት ማውራት አይገባም።

ሰውዬው ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ። በ1861 እንግሊዞች ገላግለው ግዛቱን ለሁለት ከፈሉት። ሀብታሟ ዛንዚባር ለደሃዋ ሙስካት በየዓመቱ 40,000 ማርያ ቴሬዛ ብር እንድትከፍል ተወሰነ። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት ያው ነው! ኦማን ውስጥም እስከ 1970 ድረስ ሰው ይገበያይበት ነበር። እንደኛው አገር የብር ጌጥም ይሠሩበታል።

ከዚያ በኋላ ሙስካት እየደኸየች ሄደች። የመሀል አገሩ ጎሳዎች በ1913 የራሳቸውን ኢማም መረጡ፤ በ1915 ከተማዋን ሊይዙ መጥተው ከሕንድ የመጡት የእንግሊዝ ወታደሮች መለሷቸው። በ1920 ሲብ በምትባል ቦታ ውል ተፈረመ። ሱልጣኑ በመሀል አገሩ ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ በሚመጣ ዕቃ ላይ ከ5 በመቶ በላይ ቀረጥ አይጥልም። ሸሽቶ የመጣን ወንጀለኛ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ውል የሚፈርሙት ጎረቤት አገሮች ናቸው። «ና» የምትለው ቃል ትክክለኛ ትርጉም የነበራት በዚህ ጊዜ ነው።

ሰላሙ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። ያፈረሰው የነዳጅ ፍለጋ ነው። ነዳጅ ይገኝበታል የተባለው በረሃ ከተራራው ወዲያ ነው፤ መውጫው ደግሞ ባሕሩ ነው። ሱልጣን ሰዒድ ቢን ተይሙር በ1955 ኒዝዋ ገባ። ኢማሙና ደጋፊዎቹ ጀበል አኽደር ተራራ ላይ ሆነው ተዋጉ፤ በ1959 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዞች እርዳታ ተሸነፉ። ነዳጁ በ1967 በቧንቧ ተራራውን ተሻግሮ ሙስካት አጠገብ መርከብ ላይ ተጫነ።

ከተማዋ ግን አልተለወጠችም። ሱልጣኑ ራሱ ከ1958 ጀምሮ ርቆ በደቡብ ባለችው ሳላላ ከተማ ነበር የሚኖረው። ሙስካት ውስጥ ፀሐይ ከገባ ከሦስት ሰዓት በኋላ መድፍ ይተኮስ፣ የከተማዋ በሮችም ይዘጉ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ሰው ፋኖስ መያዝ ነበረበት። በመላ አገሩ የነበረው የአስፋልት መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

ጁላይ 23 ቀን 1970 ልጁ ቃቡስ አባቱን አውርዶ ሥልጣን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የአገሩ ስም «የኦማን ሱልጣኔት» ተባለ፤ ሙስካት ከስሙ ወጥታ የሁሉም ዋና ከተማ ሆነች። ዛሬ ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩባት ሙስካት ይህቺው ናት። ባንዲራውም ያኔ ነው የተለወጠው። የሙስካት ሱልጣኖች ባንዲራ ድፍን ቀይ ነበር። አዲሱ ላይ ቀዩ ቀረ፤ ነጭና አረንጓዴ ተጨመሩበት። ነጩን ብዙዎች ከኢማሞቹ ጋር ያያይዙታል፤ አረንጓዴውን ደግሞ ከጀበል አኽደር፣ ከ«አረንጓዴው ተራራ» ጋር።