እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ የት ይደረሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፍሬሽማን ተማሪዎች ትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ሰሞን ሲደርስ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንኖር የእንግሊዝኛ መምህራን ስልካችን አያርፍም። ወላጅ ይደውላል። ጎረቤት የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ያስቆማል። «ልጄ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው የምማረው አለችኝ። እንጀራ ይወጣዋል?» ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን አብዛኛው የመጣው ከሰፈር ወሬ ነው። እኔ ይህንኑ ትምህርት ተምሬ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ትምህርቱንም እወደዋለሁ። ስለምወደው ደግሞ የሌለውን አለው ብዬ የማንንም ልጅ አላታልልም። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«እንግሊዝኛ መናገር ለመልመድ የሚገባበት ነው»

አይደለም። ማቀላጠፍ ብቻ ለፈለገ ሰው ስፖክን ኢንግሊሽ የሚያስተምር ቤት በየሰፈሩ አለ። ዩኒቨርሲቲው ግን ቋንቋውን ታውቃላችሁ ብሎ ነው የሚጀምረው። ልቦለድ፣ ግጥም፣ ድራማ፣ የሥነ ጽሑፍ ሂስ፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ይሰጣል። ከዚያ ጋር የድምፅና የሰዋስው ትምህርት፣ የምርምር አጻጻፍ አለ። ሥራው ብዙ ማንበብ፣ ብዙ መጻፍ ነው።

ምን ዓይነት ንባብ እንደሆነ ላሳያችሁ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» የሚባል ልቦለድ አለ። ኦኮንክዎ የሚባል ሰው ታሪክ ነው። ልጅነቱን፣ ኩራቱን፣ ጥፋቱን፣ ስደቱን ገጽ በገጽ አብረነው እንኖራለን። መጨረሻ ላይ ራሱን ሰቅሎ ይገኛል። የቅኝ ግዛቱ እንግሊዛዊ የአውራጃ ሹም ሬሳውን አይቶ ሲሄድ፣ ሊጽፈው ስላሰበው መጽሐፍ ያወጣል ያወርዳል። ለዚህ ሰው ሙሉ ምዕራፍ ይበዛበታል፤ ደህና አንድ አንቀጽ ይወጣዋል ብሎ ያስባል።

ጎበዝ መምህር እዚህ ጋ ያስቆማችኋል። አሁን የሚጽፈው ማን ነው? ለማን ነው የሚጽፈው? ምኑን ተወው? እያለ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከክፍል ውጭም ይሠራል። የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመው የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። ከመሬቱ የተነሳ ገበሬ ሪፖርት ውስጥ የሚገባው ቁጥር ሆኖ ነው። ይህን ያህል አባወራ ተነሳ፣ ይህን ያህል ካሳ ተከፈለ። አለቀ። በደንብ ማንበብ የተማረ ሰው ያችን መስመር ሲያይ የጎደለው ሰው ይታየዋል። ሪፖርቱን አንተ ጻፈው ሲባልም ሄዶ ሰው ያናግራል። ለእኔ የዚህ ትምህርት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

«ውጤት ያነሰው የሚወረወርበት ክፍል ነው»

ሳይመርጡት የተመደቡ ልጆች አሉ። ይህ እውነት ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። ምደባው ምርጫን ብቻ ሳይሆን ውጤትንም ስለሚያይ ያጋጥማል። ከዚያ ተነስቶ «ትምህርቱ ቀላል ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሸምድዶ ማለፍ ያስቸግራል። የራስን ሐሳብ ይዞ፣ ከጽሑፉ ማስረጃ እየጠቀሱ፣ በሰው ቋንቋ መከራከር አለ። ቅድም ያነሳሁት አቼቤ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገባው ሕክምና ሊማር ነበር፤ ለዚያውም በስኮላርሺፕ። ትቶት ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ስኮላርሺፑን አጣ። ተወርውሮ ሳይሆን መርጦ ነው የገባው።

«ዞሮ ዞሮ መጨረሻው መምህርነት ነው»

ይህ አባባል ሁለት ስህተት አለው።

አንደኛ፣ ዲግሪው ብቻውን መምህር አያደርግም። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከዲግሪው በላይ የማስተማር ሥልጠና፣ ሰዉ ፒጂዲቲ የሚለው፣ ይጠየቃል። ልጃችሁ ከጅምሩ መምህር መሆን ከፈለገች ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ለመምህራን ሥልጠና የቆመ ተቋም ብታይ ይሻላታል።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሥራ አለ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ኤምባሲው፣ እርዳታ ድርጅቱ፣ ባንኩ በእንግሊዝኛ ይጻጻፋል። ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚታተመው ኢትዮጵያን ሄራልድ እስከ ፎርቹንና ካፒታል ድረስ በእንግሊዝኛ የሚወጡ ጋዜጦች አሉ። የሕዝብ ግንኙነት፣ የፕሮፖዛልና የሪፖርት ዝግጅት፣ አርትዖት፣ ትርጉም ሁሉ የዚህ ትምህርት ተመራቂ ሊሠራቸው የሚችላቸው ሥራዎች ናቸው። በእርግጥ ተመርቆ በማግስቱ ኅብረቱ ውስጥ ቢሮ የሚያገኝ የለም። ብዙው ሰው የሚጀምረው ከትንሽ ነው። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ያርማል፣ ትርጉም ቤት ተቀጥሮ ሰነድ ይተረጉማል፣ ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል።

ደግሞስ መምህርነት ምን አደረገ? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂ አይገባውም የተባለ ልጅ፣ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ሳነብለት ቁጭ አድርጎ ሲመልስልኝ አይቻለሁ። ባዮሎጂውን ያውቀዋል። የዘጋበት ጥያቄው የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው። ከከተማ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶቻችን እንዲህ ያለ ልጅ ሞልቷል። ማንበብ የሚያስተምር ሰው ሲያገኝ የሚያልፈው እንግሊዝኛውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ «መምህር ብቻ» የምትለዋን አነጋገር አልወዳትም።

«የነጭ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

ሼክስፒር አለ፣ አይካድም። ግን ይህ ክርክር በአፍሪካ ከተነሳ ቆይቷል። በ1968 እ.ኤ.አ. ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይቅርና አፍሪካን መሃል ያደረገ ይተካው ብለው ጽፈው ነበር። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ኮርስ ሆኖ ይሰጣል። የእኛም ሰዎች አሉበት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምና ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ጽፈዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ ተውኔት ጽፏል፤ ሼክስፒርን ደግሞ ወደ አማርኛ መልሶ መድረክ ላይ አቁሞታል። አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግሥቴ ስለ ጣሊያን ወረራ በጻፈችው ልቦለድ በ2020 እ.ኤ.አ. ቡከር ለተባለው የእንግሊዝኛ ልቦለድ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብታለች።

«አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ፤ ተርጓሚም ጸሐፊም አያስፈልግም»

ይህኛው አዲስ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸውም ይፈሩታል። ተራውን ጽሑፍ ማሽን እንደሚሠራው አልክድም። ግን ትርጉም ቤት ገብታችሁ አንድ የልደት ሰርተፍኬት ሲተረጎም እዩ። መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15፣ 1997 ነው። ያው 1990 ግንቦት ላይ ሲሆን ግን ዓመቱ 1998 ይሆናል። ዝም ብሎ 8 የደመረ ሰው ደንበኛውን ከእነ ቪዛ ማመልከቻው ችግር ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ስም አለ። የአባት ስም ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ይመጣል። ማሽኑ ቀኑን ሊያሰላ ይችላል። ሰነዶቹን አስተያይቶ፣ ባለቤቱን ጠይቆ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ኃላፊነት የሚወስደው ግን ሰው ነው። ማሽኑ የጻፈው ትክክል መሆኑን ለማወቅም ሁለቱንም ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅ ይጠይቃል።

ስለዚህ አማርኛችሁን አትናቁ። እንግሊዝኛ ስለምማር አማርኛ አላነብም የሚል ተማሪ ግማሽ ሙያውን እየጣለ ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ሦስተኛም አለ። አዲስ አበባን የከበበው የሸገር ከተማ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ሦስቱንም የሚጽፍ ወጣት ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ወይም ለገጣፎ ላይ ከብዙዎች ይቀድማል።

«ውጭ ለመሄድ ያመቻል»

ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪያችሁን አይተው ፈተናውን አይተዉላችሁም። አይልትስ ወይም ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይጠይቃሉ። ለመሄድ ብቻ ብሎ ይህን ትምህርት መምረጥ ትርፉ ድካም ነው።

«ዲግሪው ከተያዘ ሥራው ይመጣል»

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። እሱንም አልፎ ቀጣሪ ፊት የሚቀርብ ሰው «እስቲ የጻፍከውን አሳየኝ» ይባላል። ብዙ ተመራቂ ባዶ እጁን የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ፋይል ክፈቱ። አንድ የተረጎማችሁት አጭር ልቦለድ፣ አንድ ያረማችሁት ሪፖርት ከነ መጀመሪያው ረቂቅ፣ ስለ ሰፈራችሁ የጻፋችሁት አንድ ዘገባ ይግባበት። ለመምህር አሳዩት፣ እንዲያርመው ለምኑት፣ እንደገና ጻፉት። ኮምፒውተር ከሌላችሁ በስልክ ጻፉና ኮፒ ቤት አሳትሙ። ቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ይዛችሁት ግቡ።