የፕሪንተር ድራይቨር ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«ድራይቨሩ ነው» የሚለው ፍርድ ሰልችቶኛል። ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ቢሮዎች ወረቀት አልወጣ ባለ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚከሰሰው ድራይቨር ነው። ሰሞኑን ያነበብኩት ምክር ደግሞ የባሰ ነው። የጋራ ፕሪንተር ከዊንዶውስ እያተመ ከማክ እምቢ ካለ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን፣ ያ ካልሠራ ከሚያትመው ኮምፒውተር በፍላሽ ገልብጦ መውሰድ ነው ይላል። ይህን ተከትለው ሙሉ ቀን የሚያባክኑ፣ አልፎም ጤነኛ ፕሪንተር ጥለው አዲስ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ድራይቨር የሚሠራውን፣ ይልቁንም የማይሠራውን መናገር ግድ ሆኖብኛል።

ድራይቨር ማለት በስክሪን የምናየውን ገጽ ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ቋንቋዎች ታዋቂዎቹ የኤችፒ ፒሲኤልና የአዶቢ ፖስትስክሪፕት ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1984 የወጡ ናቸው። ፕሪንተሩ ስንት የወረቀት መሳቢያ እንዳለው፣ በወረቀቱ ሁለት ፊት ማተም መቻል አለመቻሉን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀውም ድራይቨሩ ነው። ሥራው ይኸው ነው። ሰነዱን ፕሪንተሩ ድረስ የሚያደርሰው ሌላ አካል ነው።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች አስቡ። ባለጉዳዩ ችግሩን እንደ መጣለት ይነግራቸዋል፤ እነርሱ መዝገብ ቤቱ በሚቀበለው ሥርዓት ይጽፉለታል። ከዚያ በኋላ አቤቱታውን ይዞ መሄድ የሌላ ሰው ድርሻ ነው። መዝገብ ቤቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ቢዛወር፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያ ጠይቆ ቢመልሰው ወይም መልእክተኛው መንገድ ቢስት ራፖር ጸሐፊ መቀየር ምን ይፈይዳል? በፕሪንተርም ራፖር ጸሐፊው ድራይቨሩ ነው። መዝገብ ቤቱ የሚገኝበት ሕንፃ ፖርት በምንለው የኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ የተጻፈው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ፕሪንተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። መልእክተኞቹ ሰነዱ በኔትወርክ የሚጓዝባቸው ስልቶች ናቸው፦ ዊንዶውሶች የሚጋሩበት ኤስኤምቢ፣ ለሕትመት የተሠራው አይፒፒ እና በ9100 ቁጥር በር የሚሄደው ቀጥተኛ መንገድ። ጥበቃው ደግሞ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደው ፋየርዎል ነው።

«ታዲያ አጥፍቼ እንደገና ስጭነው ለምን ይሠራል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የተሳሳተውን እምነት ያጸናውም ይኸው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኔትወርኩን የሚያገናኘው ራውተር ከአዲስ ይነሳና አድራሻዎችን እንደገና ያድላል። ትናንት የአድራሻው መጨረሻ 23 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 31 ሆኖ ይነሳል። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም 23ን ያንኳኳል፤ መልስ ሲያጣ «ኦፍላይን» ብሎ ይጽፋል። ድራይቨሩን አጥፍታችሁ ስትጭኑ የመጫኛው ፕሮግራም ኔትወርኩን አስሶ ፕሪንተሩን በአዲሱ አድራሻ ያገኘዋል፤ አዲስ ፖርትም ይፈጥርለታል። የተስተካከለው አድራሻው ነው። የድራይቨሩ ፋይል ያው የቀድሞው ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። በሚቀጥለው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ችግሩ ይመለሳል፤ «ይኸ ድራይቨር ቶሎ ቶሎ ይበላሻል» ይባላል።

ከራሱ ከፕሪንተሩ ላይ የመረጃ ገጽ አትሙ፤ አሁን ያለው አድራሻ እዚያ ላይ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ላይ በፖርቱ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ከተለያየ ፖርቱን ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ አስይዙለት። ዊንዶውስ በራሱ ደብሊው ኤስ ዲ የተባለውን ፖርት መርጦ ከሆነ ወደ መደበኛው ቲሲፒ አይፒ ፖርት መቀየርን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ፕሪንተሩን እየፈለገ የሚያገኝ በመሆኑ ኔትወርኩ ሲረበሽ ይጠፋበታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አድራሻው ትክክል ሆኖም «ኦፍላይን» የሚል ካለ በፖርቱ ቅንብር ውስጥ የኤስኤንኤምፒ ምልክቱን አንሱት። ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ሁኔታ በዚያ በኩል ጠይቆ መልስ ሲያጣ የሚያትመውን ፕሪንተር እንደ ጠፋ ይቆጥረዋል።

ወደ ማክና ሊኑክስ ስንመጣ በፍላሽ የመገልበጡ ምክር ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም። እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የራሱ ራፖር ጸሐፊ አለው። ለዊንዶውስ የተሠራ ድራይቨር ማክ ላይ አይነሳም፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱም አያውቀውም። ማክ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ ሊኑክስም በአብዛኛው፣ የሚያትሙት ካፕስ በተባለው ሥርዓት ነው፤ መልእክተኛው አይፒፒ፣ በሩም 631 ነው። ድራይቨር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ዊንዶውስ ከዊንዶውስ ጋር ሲጋራ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ዊንዶውሶች ሲደባለቁ ለየብቻ መጫን ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሪንት ናይትሜር የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ ማይክሮሶፍት ይህንንም አጥብቆታል፤ በዚህ መንገድ ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት መስከረም ከወጡ ማሻሻያዎች ወዲህ ደግሞ መጨረሻው 11ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር የጋራ ፕሪንተር ባላቸው ቢሮዎች ተበትኗል። ይህ የጥበቃው ጉዳይ ነው፤ አንደኛው ኮምፒውተር የተሻሻለ፣ ሌላኛው ያልተሻሻለ ሲሆን መተማመን ያቅታቸዋል። ሬጂስትሪ ወደተባለው የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር ገብተው ጥበቃውን እንዲያጠፉ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ማሻሻል ነው የሚበጀው። የዊንዶውስ 11 24ኤች2 እትምም ያለ ይለፍ ቃል በእንግዳ ስም የሚደረግን የኤስኤምቢ ግንኙነት በፕሮ እትሙ ላይ ስለዘጋ፣ ትናንት ያለ ይለፍ ቃል ይገባ የነበረው ዛሬ ከበር ቢመለስ ድራይቨሩ አልተነካም፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሊሰጠው ይገባል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተደባለቀበት ቢሮ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ፕሪንተሩ የኔትወርክ ገመድ ወይም ዋይፋይ ካለው ከአንድ ሰው ኮምፒውተር ጀርባ መታሰሩ ይቅር፤ ሁሉም በቀጥታ ያናግሩት። ያ ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ምሳ ሲወጣ ቢሮው ሁሉ ማተም የሚያቆምበት ምክንያት አይኖርም። ዋይፋዩ የእንግዳ መስመር ከሆነ ግን መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይገናኙ የታጠረ ሊሆን ስለሚችል ይህን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

«ድራይቨር አልባ» ሕትመት የሚባለውም ግራ ያጋባል። አፕል ለየፕሪንተሩ ድራይቨር ሳይጫን የሚታተምበትን ኤርፕሪንት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያወጣ ራፖር ጸሐፊ ቀረ ማለት አልነበረም። መዝገብ ቤቶቹ ለሁሉም አንድ ወጥ ቅጽ ተቀበሉ፤ ማንኛውም ጸሐፊ ያንን ቅጽ መሙላት ከቻለ በቂው ነው። በአይፒፒ ላይ የተመሠረተው አይፒፒ ኤቭሪዌርም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አዲስ ፕሪንተር የሚገዛ ቢሮ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ መኖሩን ቢጠይቅ ከብዙ ጣጣ ይድናል። በተቃራኒው ርካሽ የሆኑ፣ ገጹን በራሳቸው ማዘጋጀት የማይችሉና ሁሉን ከኮምፒውተሩ የሚጠብቁ ፕሪንተሮች አሉ። የኤችፒ ሌዘርጄት 1020 በተከፈተ ቁጥር የራሱን የውስጥ ፕሮግራም ሳይቀር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ማሽን ጋር ሊኑክስ ሲገናኝ ድራይቨር በእርግጥም ዋናው ጥያቄ ይሆናል።

ጥፋቱ የድራይቨር ሲሆን ምልክቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው፤ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ አናት ላይ የመቶኛ ምልክት፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ፒ እና ኤስ የሚሉ የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ከሥሩ ትርጉም የሌለው የትእዛዝ መዓት ገጽ በገጽ ይከተላል። ይህ በፖስትስክሪፕት የተጻፈ ሰነድ ፖስትስክሪፕት ለማያውቅ ፕሪንተር ደርሶ፣ ማሽኑ ትእዛዙን እንደ ተራ ጽሑፍ ሲያትመው ነው። አቤቱታው መዝገብ ቤት ደርሷል፤ የተጻፈበት ቋንቋ ነው ያልታወቀው። ያን ጊዜ ድራይቨር ቀይሩ።

አማርኛ ጽሑፍ የተበላሸበት ወረቀት ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል፤ አራት ኪሎ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ግዕዝ ያለበት ፎንት ካጣ ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያል። ጽሑፉ በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ውስጡ እንዲካተት ተደርጎ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥ፤ በማተሚያ ቤቱ ስክሪን ላይ ተከፍቶም ይታይ። ስክሪኑ ላይ ከተበላሸ ችግሩ ሰነዱ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ላይ አምሮ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከተበላሸ ከፒዲኤፍ ማንበቢያው «እንደ ምስል አትም» የሚለውን ምረጡ፤ በዚያ መንገድ ተስተካክሎ ከወጣ ድራይቨሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።